«አልበቃም» ያልኩበት ክረምት

የዚያን ቀን የሠራሁትን ቂልነት የሚያህል ሌላ ቂልነት ሠርቼ አላውቅም፤ ሞክሬ ግን አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በክረምት፣ ስሜ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ተጽፎ፣ ሊቀ መንበር የምሆነው እኔ እንደሆንኩ ክፍሉ ሁሉ አውቆ ሲጠብቅ፣ ብድግ አልኩና ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «እኔ እንኳ ለዚህ አልበቃም» አልኩ።

መምህሩ «መልካም» አሉና ስሜን በዳስተር ጠረጉት።

አለቀ። የጠመኔው ብናኝ መሬት ሳይደርስ ሹመቴ አለቀ። እኔም የሚለምነኝ ሰው እየጠበቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩን ያልለመደ ሰው «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ይል ይሆናል። እኔ የአንኮበር የቄስ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት አስተዳደግ፣ ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ሁለተኛ ስትባል «ኧረ ጠግቤአለሁ» ትላለህ። ከዚያ «በሞቴ» ይመጣል፤ በሞቴ ከመጣ ወዲያ ጊዜ አታባክንም። ሹመትም እንደ ምግቡ ነበር። የሰፈራችን ሰንበቴ አለቃውን ሲመርጥ፣ የተመረጠው ሰውዬ «እኔ ምኑን ችዬው! ዕዳ አታሸክሙኝ!» እያለ ጋቢውን ሰብስቦ ሊወጣ ይነሣል፤ የቀሩት ጋቢውን ይዘው ይጎትቱታል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን የሚይዝላቸው ሰው ቢዘገይባቸው፣ በሩ ላይ ቆመው በቅሏቸውን የሚያዩ መስለው ብዙ ቆዩ። በቅሎ አልነበራቸውም። ገና ሲጠሩት «እሺ» የሚል ሰው ግን አይቼ አላውቅም፤ ቢኖርም እናቱ ሰው ፊት አትወጣም ነበር።

መምህሩ ይህን ልማድ አያውቁም እንዳልል፣ ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ ኮሌጅ የመጡ ወጣት ነበሩ። ዛሬ ሳስበው ልጅ ናቸው፤ ያኔ ግን መምህር ስለሆኑ አንቱ እንላቸው ነበር። ኋላ ብጠይቃቸው «እኔ የምሰማው ሰው ያለውን ነው እንጂ ሊል የፈለገውን አይደለም» አሉኝ። አነጋገራቸው ደስ ብሎኝ በልቤ ያዝኩት።

ጊዜው ሕዝቡ ለፓርላማ እንደራሴ መምረጥ የጀመረበት ዘመን ነው። መራጩ ብዙ፣ እንደራሴው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ጥቂት። እናም ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከዚህም ከዚያም ወጣቶች ተሰብስበን ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ማዘጋጃ ቤት፣ ስለ ምርጫና ስለ ስብሰባ እንድንማር ተደረገ። ከአንኮበር፣ ከደነባ፣ ከአረርቲ፣ ከአሊዩ አምባ የመጣን፣ ከራሱ ከደብረ ብርሃንም የተጨመሩ ነበርን። ከሁሉ የከበደን ትምህርት አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለቱ ነበር። ሕገ መንግሥቱን በጥቂት ቀን ሸመደድነው፤ ዝም ማለቱን ግን አንዳንዶቻችን ዛሬም እየተማርነው ነው።

የትምህርት ስብሰባችንን በሊቀ መንበርነት እንድመራ የጠቆመኝ የአሊዩ አምባው ልጅ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ከሚወረድበት ከቆላው የመጣ የነጋዴ ልጅ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ በሕይወቱ አይቶት ስለማያውቅ ሁለት ጋቢ ደርቦ፣ ከላይ ደግሞ የእኔን ደርቦ ነበር የሚማረው። ስሜ ከሰሌዳው ሲጠፋ ከጋቢው ክምር ውስጥ ብቅ አለና፣

«ተቀመጥ እንጂ! ወላሂ ማንም አይለምንህም!» አለኝ።

«ትንሽ ጠብቅ፤ አሁን ይሉኛል» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማን ነው የሚልህ? ዳስተሩ?»

መምህሩ «ሌላ ጥቆማ አለ?» ሲሉ፣ ከኋላ ያለ አንድ ልጅ የደነባዋን ልጅ ጠራ። እንደ ቀልድ ነበር የጠራት፤ ከእኛ መካከል ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ እሷም ዝምተኛ ናት። ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እችላለሁ» አለችና ተቀመጠች።

እንዲያው አንድ «ኧረ» እንኳ የላትም! አንዱ «ይህችስ ቀድማ ተሹማ ነው የመጣችው» ብሎ አጉተመተመ። ግን ነገሩን እዩት፦ በአንድ በኩል ቆሞ የሚሽኮረመም የቄስ ልጅ፣ በሌላ በኩል እችላለሁ ብላ የተቀመጠች ልጅ። እኔም ብሆን ማንን እንደምመርጥ ግልጽ ነበር።

የምርጫ ሣጥን ስላልነበረን የአሊዩ አምባው ልጅ እናቱ ስንቅ የቋጠሩለትን አገልግል አመጣ። ወረቀታችንን እያጠፍን ከተትን፤ ሲቆጠርም ከድምፁ ጋር የዳቦ ፍርፋሪ አብሮ ወጣ። የደነባዋ ልጅ አሸነፈች። ድምፄን ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም፤ ምስጢር ነው ተብለናል።

ሊቀ መንበሯ ወዲያው ሥራ አከፋፈለች። ጸሐፊ ሾመች፣ ሰዓት ጠባቂ ሾመች፣ አንባቢ ሾመች። የአሊዩ አምባው ልጅ ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ አንባቢ ተደረገ። እኔ ጋ ስትደርስ አየችኝ።

«አንተ ጃንጥላ ትይዛለህ።»

«የምን ጃንጥላ?»

«ወረቀት ይዘን ስንሄድ ዝናብ እንዳይመታው ነዋ። የቄስ ልጅ አይደለህ? ጃንጥላ መያዝ ታውቅበታለህ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ። ይህን ሹመት ግን «አልበቃም» አላልኩም። አንድ ጊዜ ተምሬአለሁ።

መምህሩ ቀጥለው እውነተኛ የሕዝብ ጉዳይ መርጠን፣ አቤቱታ ጽፈን፣ ለሚመለከተው ሹም እንድናቀርብ አዘዙን። የአረርቲው ልጅ እስከ አረርቲ መንገድ ይሠራልን አለ፤ «እሱን ለእንደራሴው ተውለት» ተባለ። የአሊዩ አምባው ልጅ መኝታ ቤታችን ምድጃ ይግባልን አለና «ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ጉዳይ የለም፤ ሕዝቡ እየበረደው ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ሊቀ መንበሯ የራሷን ያቀረበችው ከሁሉ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ ባዶ ቤት አለ። እሱ ከሩቅ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይሁን አለች። ወንዶቹ የምናድርበት አለን፤ ዘመድ የሌላት ሴት ልጅ ግን ደብረ ብርሃን መጥታ የምትማርበት መንገድ የለም።

«አንቺ አክስትሽ ጋ አይደለም የምታድሪው?» አላት አንዱ።

«አክስቴ ለመስከረም ባሏን ተከትላ ወደ አረርቲ ትሄዳለች። እኔ የጨረስኩት ክፍል ደግሞ ደነባ ላይ የመጨረሻው ነው።» ቀጥላም፣ «ሽማግሌ ተልኮብኛል። አባቴ፣ ማደሪያ ካገኘሽ ተማሪ፣ ካጣሽ ግን ሰዎቹን መልስ አላስጠብቅም ብሎኛል» አለች።

ይህን ያለችው የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እጅ አውጡ ስንባል ሁላችንም አወጣን። የአሊዩ አምባው ልጅ እንኳ እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣ፤ ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቤቱን የሚያዙበት የከተማውን ጉዳይ ከሚያዩት ሹማምንት አንዱ ነበሩ፤ ቀኛዝማች ነበር የምንላቸው፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ። አቤቱታውን ስንት ጊዜ ጽፈን ስንት ጊዜ ቀደድነው! በመጨረሻ ሊቀ መንበሯ፣ አንባቢው፣ እኔና መምህሩ ወደ ቢሯቸው ሄድን። ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። እኔ ጃንጥላውን በወረቀቱ ላይ ዘርግቼ ወረቀቱን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ሰዎቹ ረጠቡ፣ ወረቀቱ ደረቀ። የታዘዝኩት እሱን ነው።

የአሊዩ አምባው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ቀኛዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣

«ተባረኩ ልጆቼ። አጻጻፉ መልካም ነው። ነገሩ ግን አይሆንም» አሉ።

ስንማር «የሹም መልስ በአክብሮት ይሰማል» ተብለናልና እጅ ነሥተን ወጣን። ውጭ በረንዳው ላይ መምህሩ ረክተው ነበር።

«አኮራችሁኝ! በሥርዓት ጠየቃችሁ፣ በሥርዓት መልስ አገኛችሁ። የሕዝብ አስተዳደር ማለት ይኸው ነው።»

ሊቀ መንበሯ የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ ዝናቡን ታያለች። የሚንጠባጠበው ከቆርቆሮው ይሁን ከዓይኗ አላወቅሁም፤ ሁላችንም ርሰን ስለነበር ማን ምን እንደሆነ አይለይም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ራሴ ውስጥ ብልጭ ያለው።

«መምህር፣ ቀኛዝማች እምቢ ያሉት እኮ አንድ ጊዜ ነው» አልኩ።

«ታዲያስ?»

«አንድ ጊዜ እምቢ ማለት እምቢ ማለት አይደለም። እንዴት አድርገው ገና ሲጠየቁ እሺ ይበሉ? ሰው ምን ይላቸዋል? እኛ ደግሞ ቶሎ ስንወጣ፣ እነዚህ ልጆች ነገሩን አልፈለጉትም ብለው ነው አሁን የሚያስቡት። ቅር ሳይላቸው አይቀርም።»

«አይሆንም ማለት አይሆንም ነው» አሉ መምህሩ።

«እኔን ያስቀረኝ ይኸው አይደል!» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። «ስሜን ሲያጠፉት እኔ መቼ እምቢ አልኩ? አልበቃም ነው ያልኩት!»

የአሊዩ አምባው ልጅ «ወላሂ እውነቱን ነው። ይህ ልጅ የማያውቀው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ግን ያውቃል» አለ። ሊቀ መንበሯ ምሰሶውን ለቀቀችና «እንመለስ» አለች። ሊቀ መንበር ካለ አለ ነው፤ መምህሩም አብረውን ዞሩ።

በሩ ላይ ግን ዘበኛው ቆመዋል። የወታደር ካፖርት የለበሱ አረጋዊ ናቸው፤ የባሕር ዛፍ ዱላቸው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ? ተነገራችሁ እኮ!»

«አባባ፣ አንዲት ቃል ብቻ ናት» አልኩ።

«ቃሉን እዚያው ጨርሳችሁ አትወጡም ነበር?»

ዓይኔ ዱላው ላይ አረፈ። «ከአንኮበር የወይራ ዱላ አመጣልዎታለሁ። ቀጥ ያለ፣ በእሳት የተገራ፣ ቅቤ የጠጣ።»

«መቼ?»

«ለመስከረም። የቄስ ልጅ ነኝ፤ አልዋሽም።»

«የቄስ ልጅ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ» አሉና ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። «ግቡ። እኔ ግን አላየኋችሁም።»

ይህ ምዕራፍ በተማርነው ውስጥ አልነበረም። መምህሩም በደግነታቸው ወደ ሰማይ ይመለከቱ ነበር።

ቀኛዝማች ሲያዩን ቅንድባቸው ተነሣ። «የረሳችሁት ዕቃ አለ?»

«አዎ ጌታዬ፣ ቤቱን ረስተን ነው» አለች ሊቀ መንበሯ።

ፊታቸው ላይ የሆነች ነገር ውልብ አለች። «አይሆንም አላልኩም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት» ከአፌ አመለጠኝ።

«ይህ ደግሞ ማነው?»

«ጃንጥላ ያዥ ነኝ፣ ጌታዬ።» ለካ ጃንጥላውን ሳላጥፍ ነው የገባሁት! ቢሯቸው መሀል ዘርግቼው ቆሜአለሁ፤ ውኃው ምንጣፋቸው ላይ ይንጠባጠባል። ለማጠፍ ስታገል የአሊዩ አምባው ልጅ ከጎኔ ነጠቀኝ።

ቀኛዝማች አሁን «አይሆንም» አላሉም። ምክንያት መደርደር ጀመሩ። እኔም በልቤ «ደረስን» አልኩ፤ ሰው ጠግቤአለሁ ካለ እጁን ሊታጠብ ትንሽ ነው የቀረው። ቤቱ ያፈሳል አሉ። አይጥ አለበት አሉ። ግድግዳው ተሸንቁሯል አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ ወደፊት ጎንበስ አሉ።

«እነዚህ ሴት ልጆች ናቸው። የሰው አደራ ናቸው። አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማን ይጠየቃል? እናንተ ክረምቱ ሲያልቅ ትበተናላችሁ። ማን ነው የሚጠየቀው?»

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ የወግ አልነበረም። ሁላችንም የጫማችንን ጫፍ ማየት ጀመርን። አስተዳደጋችን ነዋ፤ ማን ይጠየቃል ሲባል ራስን ወደፊት ማውጣት ነውር ነው።

«እኔ እጠየቃለሁ» አለች ሊቀ መንበሯ።

«አንቺ?»

«እኔ። መርጠውኛል።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ደነባ፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ቤቱ ውስጥ የምኖረውም እኔ ነኝ። አብረውን የሚያድሩ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት እዚሁ ከተማ አናግረናል፤ እሺ ብለዋል። ግድግዳውን እኛው እንመርጋለን። ማታ በሩን የምዘጋው እኔ፣ ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ቢጠየቅም የምጠየቀው እኔ።»

ቀኛዝማች ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መልሳቸው ሲዘገይብኝ ጊዜ አልቻልኩም። ያ ሁሉ የቤታችን አስተዳደግ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ አፌ ላይ መጣና፣

«በሞቴ ጌታዬ!» አልኩ።

ቀኛዝማች ዞር ብለው አዩኝ። «ልታጎርሰኝ ነው እንዴ?»

ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ጠረጴዛውን ይገፋ ነበር። ውጭ ያሉት ዘበኛ እንኳ ምን ሆኑ ብለው አንገታቸውን አስግገው ገቡ፤ አላየኋችሁም ማለታቸውን ረስተው።

«በሉ ሂዱ፤ አይጡን አባሩና ኑሩበት» አሉ ቀኛዝማች እንባቸውን እየጠረጉ። «ቁልፉ ግን በዚህች ልጅ እጅ ነው። የማውቀው እሷን ነው። ይህን ጃንጥላ ያዥ ደግሞ ደግማችሁ እንዳታመጡብኝ፤ ምንጣፌን ጨረሰው።»

በረንዳው ላይ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ነገ ስለ ይግባኝ እንማራለን» አሉ።

የቀረውን የክረምት ጊዜ ያሳለፍነው ጭቃ ስንረግጥ ነው። ጭዱን በጭቃ እያቦካን፣ ከጧት ትምህርት በኋላ እስከ ምሽት ግድግዳ መረግን፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በሬንጅ ደፈንን፤ የአይጡን ጉድጓድ በድንጋይ ዘጋን። የአሊዩ አምባው ልጅ ጭቃው ውስጥ ቆሞ «እግሬን ካገኛችሁት ለእናቴ ላኩላት» እያለ ያስቀን ነበር፤ ከሁላችን በላይ የረገጠው ግን እሱ ነው። ሊቀ መንበሯ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከእኛ ጋር ትመርጋለች፤ ሲጎብጥም ተመልሳ «ይህን ድገመው» ትለኛለች። አብዛኛውን የምትለው ለእኔ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አባቷ ከደነባ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን መሪጌታ ናቸው፤ ጥምጥማቸው በመንገድ ጭቃ ተረጭቷል። እኛ ውጭ ተሰልፈን ስንጠብቅ ቤቱን ዞረው አዩት። በሩን ከፍተው ዘጉት፤ መወርወሪያውን ሞከሩ። ባላቸው የሞተባቸውን እናት ብዙ ጥያቄ ጠየቁ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱና አንድ ጥግ ላይ ቆሙ።

«ይህን ማን መረገው?»

ሁሉም እኔን አየኝ። ጥጉ እንደ ግመል ጀርባ ጎብጦ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። የእሷን ትምህርት ሞከርኩ መሆኑ ነው።

«የጎበጠ ቢሆንም ነፋስ አያስገባም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለሰዎቹ መልሱን እኔ እሰጣለሁ። አንቺ ተማሪ» አሏት፤ ራስዋን ሳሙና ሄዱ።

እሷም ተማረች። ዓመት ሳይሞላ ከአንኮበርም ከአረርቲም ሌሎች ልጆች መጥተው አብረዋት አደሩ፤ ማታ ማታ በመብራቱ ዙሪያ ሲያጠኑ ድምፃቸው እኛ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ኋላ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነች፤ ስብሰባ ስትመራ ማንም ከማንም ንግግር አይሻማም ይሉ ነበር የሰሙት። እኔ የቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የአሊዩ አምባው ልጅ ወደ ቆላው ተመልሶ ነገደ፤ ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን የመጣው ለምርጫ ብቻ ነው፣ ያውም ጋቢ ለብሶ። ከእኛ መካከል ትልቅ ሹም የሆነ ብዙ የለም። ነገር ግን በዚያ ክረምት የረገጥነው ጭቃ ስንት ልጅ እንዳሳደረ ሳስብ፣ ደረቴ ይነፋል፤ አዎ፣ ይነፋል፣ ለምን እሽኮረመማለሁ። እኔ ነበርኩበት። ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የቀረብኝ የዘበኛው ነገር ነው። አልዋሽም ብያለሁና ወደ አንኮበር እንደተመለስኩ ቀጥ ያለ ወይራ ቆርጬ፣ በእሳት ገርቼ፣ ቅቤ አጠጥቼ መስከረም ላይ ይዤ መጣሁ። ሰውየው ግን የሉም። አገልግሎታቸውን ጨርሰው አገራቸው ገብተዋል ተባለ፤ አንዱ ወደ ደነባ ነው ሲል፣ ሌላው ወደ ምንጃር ነው አለ። ወደ ሁለቱም በሄድኩ ቁጥር ዱላውን ይዤ ሄጃለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ ቃል የገባሁ ሞኝ ስለሆንኩ ማንን ብዬ ልፈልግ? ዱላው እነሆ አሁንም እኔ ጋ ነው። ጉልበቴ ሲደክም ጊዜ መደገፍ ጀመርኩበት፤ የእኔ እንዳልሆነ ግን አልረሳሁም። ጫፉ በየዓመቱ እያለቀ ነው። የልጅ ልጃቸውን ያገኘሁ ዕለት፣ ዱላው መጀመሪያም አጭር ነበር ማለቴ አይቀርም።